መኪናዬ አባይ በረሃ ላይ ብቻ ነው የምትታመመው!

እስቲ ዛሬ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ። መኪና ያላችሁም፣ ለመኪና ዕቁብ የምትጥሉም፣ "እኔ ታክሲ ይበቃኛል" የምትሉም ብታነቡት አይከፋም። ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለማ! "አሞኛል" ብሎ ሄዶ "ምንም የለብህም" ተብሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

መኪናዋን የገዛሁት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። የባንክ ብድር፣ የሁለት ዓመት ዕቁብ፣ ከወንድሜ የተበደርኩት... ተደማምሮ ማለት ነው። የወሰድኳት ከአስመጪው ድርጅት ነው፤ ዜሮ ዜሮ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን ያልተነሳ። "አሮጌ ገዝተሽ ከጋራዥ ጋራዥ ከምትንከራተቺ ትንሽ ጨምረሽ አዲስ ግዢ" ያላለኝ ሰው አልነበረም። ድርጅቱም ማኅተም ያለበት የዋስትና ወረቀት ሰጠኝ። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ለነገሬም አይጠቅመኝም።

ለምን መኪና አስፈለገሽ ካላችሁኝ ለሽርሽር አይደለም። አባቴ ደብረ ማርቆስ ናቸው። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ስላለባቸው በየጊዜው አዲስ አበባ እየመጡ ሐኪም ያያቸዋል። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶብስ ሲመጡ መናኸሪያ የሚወርዱት ፊታቸው አመድ መስሎ ነው። ራሴ አመጣቸዋለሁ፣ ራሴ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነው ዕዳ ውስጥ የገባሁት።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። በእንጦጦ በኩል ወጥታችሁ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ፍቼ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ብርዱ ጃኬት አያስወልቅም። ገብረ ጉራቻ ላይ አፍ የሚያሟሽ ነገር ትቀምሳላችሁ። ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ግን መሬቱ በድንገት ያልቃል! ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። አባይ በረሃ ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ከዚያ መስኮት ይከፈታል፣ ከዚያ ደግሞ በተከፈተው መስኮት የሚገባው አየር ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለው የሚያልፍ የሚያገድመውን ይታዘባሉ። ታች አሮጌው ድልድይና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ! ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን ግማሽ ቀን የሚበላ 40 ኪሎ ሜትር ነው ይሉታል።

በነሐሴ 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን ላመጣ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ ጉም ነበር። መኪናዋ እንደ ዋሊያ ወጣችው! እኔም ኮራሁ።

ጥቅምት 2011 ላይ ግን ብቻዬን ስሄድ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ የደጀንን ዳገት አጋምሼ እያለሁ ሞተሩ ቀጥ አለ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ነው፣ ነዳጅ ከግማሽ በላይ አለ። ቁልፍ ያጠፋሁ ያህል ነው ዝም ያለችው። መሪው ደነደነብኝ፣ ፍሬኑ ከበደኝ። እንደ ምንም ጥግ አስይዤ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፤ ወርጄ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ባስነሳ ባስነሳ ሞተሩ "እርርር" ይላል እንጂ አይነሳም። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከፊቴ ዝንጀሮ ያየኛል። አርባ ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ በተስፋ መቁረጥ ቁልፉን ሳዞረው አንድ ጊዜ ተነሳች! ምንም እንዳልተፈጠረ ማርቆስ ገባሁ። በማግስቱ አባቴን ይዤ ሌሊት 11 ሰዓት ስለወጣን በረሃውን በብርድ አለፍነው። ምንም የለም።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ በቀጥታ ድርጅቱ ጋራዥ። ሁለት ቀን አቆዩአት። ከኮምፒውተር ጋር አገናኙዋት፣ ሰፈር ውስጥ ነዱዋት። "እህት፣ መኪናሽ ሰላም ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም።" ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰው ጤነኛ ነሽ ሲባል ደስ አይለውም?

ታኅሣሥ ላይ ስሄድ በሌሊት ወጥቼ በረሃውን ገና ፀሐይ ሳትበረታ አለፍኩት፤ ሰላም። ስመለስ ግን አባባ አርፍደው ቁርስ ካልበላሽ ብለው አስቀመጡኝና እኩለ ቀን ላይ በረሃው ውስጥ ገባን። ድልድዩን አልፈን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ... ቀጥ! ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አባባ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ከጩኸት ይከፋል።

እንደገና ጋራዥ። አሁን ደግሞ "የነዳጅ ችግር ነው፣ የክፍለ ሀገር ነዳጅ ቆሻሻ አለው" ተባለና ፊልትሮና ካንዴላ ተቀየረ። ነዳጁን የቀዳሁት አዲስ አበባ ነው ብል ማን ይሰማኛል! ቀጥሎ ምርመራው ወደ እኔ ዞረ።

"ማን ነው የሚነዳት?"

"እኔ።"

"ባለቤትሽስ?"

"ባለቤት የለኝም።"

ይህ ለሞተሩ ምን እንደሚፈይድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። "ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ቶሎ እየለቀቅሽ ይሆናል የምታጠፊያት" አለኝ በፈገግታ። እኔ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። ደግሞስ ፍሪሲዮን ለቅቄ ያጠፋኋት መኪና ለምን አርባ ደቂቃ ታኮርፋለች? አልመለሰልኝም። "ብልሽቱ እኛ ጋ ሲታይ ነው በዋስትናው የምንሠራው" ብሎ ሸኘኝ። እነሱ ጋ ደግሞ አይታይም! መኪናዋ አዲስ አበባ ስትገባ ጨዋ ናት።

ጓደኞቼም አልረዱኝ። አንዷ "መኪናዋ ቡዳ በልቷት ነው፣ ጠበል እርጪባት" አለችኝ። ሌላው "ሽጫትና ተገላገይ፤ ገዢው የባሕር ዳር ሰው ካልሆነ አያውቅብሽም" አለኝ። ይሄንን ምክር የሰጠኝ ሰው ላገባው ያሰብኩት ሰው ነበር። ገዢውስ የሰው ልጅ አይደለም ወይ ብዬ ተናደድኩ። እሱም ስቆ ዝም አለ።

አሁን ወደ መጋቢት 2011 ልውሰዳችሁ። ቀኑን አልረሳውም። የአባባ ቀጠሮ በማግስቱ ነበር። ማርቆስ ላይ አንድ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸውና ስንወጣ ረፈደ። በረሃው ውስጥ 8 ሰዓት ላይ ነን። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት እንደጀመርን መኪናዋ ጠፋች። ሃምሳ ደቂቃ ጠብቄ አስነሳኋት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ እንደገና ጠፋች። አባባ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። "አባባ፣ ውሃ ይጠጡ" ስላቸው እጃቸው ብርጭቆውን መያዝ አቃተው። ያኔ ነው የፈራሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት መኪናዋን ገፍቼ ገደል ልከታት ነበር የቃጣኝ።

አንድ ባለ ተሳቢ ሾፌር እንዳየን ቆመ። ጎልማሳ ሰው ነው። ምንም ሳይጠይቅ አባባን ደግፎ ጋቢና አወጣቸው፤ ረዳቱን ወደ ኋላ አዛውሮ አስተኛቸው። "እኔ ጎሐ ጽዮን ነፋሻው ቦታ አደርሳቸዋለሁ፤ አንቺ ስትነሳልሽ ነይ" አለኝ። ከዚያ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ድርጅቱ ውስጥ በአምስት ወር ያልተጠየቅሁትን ጥያቄ!

"ሲጠፋብሽ የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ ቀስት ምን ሆነ? ቀስ ብሎ ወረደ ወይስ አንዴ ዱብ አለ?"

አላየሁም። የሙቀቱንና የነዳጁን ነበር የማየው። "በሚቀጥለው እሱን እይ፤ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ጻፊው። ጎሐ ጽዮን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፣ ለእሱ አሳዪው" አለኝና ሄደ።

አባባ ከጥላ ሥር አርፈው ነፍስ ዘሩ። በማግስቱ ሐኪሙ ግፊታቸው መጨመሩን ነግሮን መድኃኒት ለወጠላቸው፤ "ግንቦት ላይ ሳትቀሩ ተመለሱ" አለ። ግንቦት ሲደርስ ግን ስደውልላቸው "አንች ልጅ፣ እኔ በበረሃ ከምቀር ቤቴ ልሙት። መኪናሽ ስትድን እመጣለሁ" ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጡ። ቀጠሮው አለፈ። አያችሁ? "ምንም የላትም" የተባለች መኪና አባቴን ከሐኪም አስቀረችብኝ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ደብተር አወጣሁ። የሄድኩባቸውን ጉዞዎች በሙሉ ጻፍኩ፤ ወር፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየር ጠባይ፣ ምን ያህል እንደቆመች። ስጨርስ ደብተሩ ራሱ ተናገረ። ነሐሴ በጉም፣ የለም። ሌሊት በብርድ፣ የለም። አዲስ አበባ፣ በጭራሽ የለም። እኩለ ቀን፣ በረሃ፣ ረጅም ዳገት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፤ ሁልጊዜ አለ! እኔ ጋራዥ ሄጄ "መኪናዬ ትጠፋለች" ብቻ ነበር የምለው። ማንም "የት? ስንት ሰዓት?" አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩም።

አንድ ቅዳሜ ጎሐ ጽዮን ሄድኩ። ሽማግሌው መካኒክ ቆርቆሮ ሥር ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተር የላቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። "ጎሽ! በሽታውን አንቺ ግማሹን ጨርሰሽዋል። በይ ነይ፣ እሷ በምትታመምበት ቦታ እንያት" ብለው ካቻቢቴያቸውን፣ አንድ ጨርቅና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ስንቱ ሐኪም ነው ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው?

እስከ ድልድዩ ወረድን፣ ዞረን ሽቅብ ጀመርን። ፀሐይ አናት ላይ ናት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬ እንድትበላሽ ጸለይኩ! "ጋሼ፣ ዛሬ እምቢ ብትለኝስ?" ስላቸው "ዝም ብለሽ ቀስቱን እይ" አሉኝ። ብዙም አልቆየ፣ ጠፋች። ቀስቱ አንዴ ዱብ ብሎ ዜሮ ላይ ወደቀ። መኪናዋ ግን በማርሽ ላይ ሆና ገና ትንሽ እየሄደች ነበር።

"አየሽ? ጎማው ሞተሩን እያዞረው ቀስቱ ዜሮ ሊሆን አይገባም። ሞተሩ እየዞረ ነው፤ ዙሩን የሚቆጥረው ነው የሞተው" አሉ። ቁልፉን አዙሪ አሉኝ፤ ሞተሩ "እርርር" ሲል ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ከኋላ ወንበር ሥር የነዳጅ ፓምፑ "ዝዝዝ" ሲል ሰሙና ነዳጁ ደኅና ነው አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ታች ሰደው ጨርቁን በውሃ እየነከሩ አንድ የአውራ ጣት የምታክል ነገር ላይ ያዙበት። ጥቂት ደቂቃ ነው። "አስነሺ!" ተነሳች። እዚያው አስፋልት ላይ ማልቀስ ቃጣኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራንክ ሻፍት ሴንሰር የሚባል ዕቃ አለ። ሞተሩ ሥር ተቀምጦ ዙሩን እየቆጠረ ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። ኮምፒውተሩ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው ነዳጅ የሚረጨው፣ ካንዴላውን የሚያቃጥለው። ውስጡ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው ከተጎዳ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲግል ይለያያል። ሲለያይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፤ ነዳጁንም እሳቱንም ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይገጥምና ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ጥፋት ብሎ አይመዘግበውም፤ ለእሱ ሹፌሩ ያጠፋው ነው የሚመስለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በብርድ፣ ሰፈር ውስጥ አሥር ደቂቃ ተነድታ በምን ትታወቅ!

ሽማግሌው ዕቃውን ራሳቸው መቀየር ይችሉ ነበር። ግን "ዋስትና አለሽ አይደል? እኔ ከነካሁት ሰበብ ይሆናቸዋል። የጻፍኩልሽን ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ። የድካማቸውን ስከፍላቸው ግማሹን መለሱልኝ።

ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ ጋራዥ በደብተር፣ በሽማግሌው ወረቀትና... እንዳትስቁ፣ በፀጉር ማድረቂያዬ ደረስኩ! ኃላፊውን አስጠራሁ። "ዕቃው ሲቀዘቅዝ በቴስተር ለኩልኝ፤ ከዚያ በዚህ አሙቃችሁ ለኩልኝ" አልኳቸው። ወጣቶቹ መካኒኮች ተሳሳቁ። ፈትተው ሲለኩት ቀዝቃዛው ደኅና ነው። በፀጉር ማድረቂያው ደቂቃዎች ሲያሞቁት ቴስተሩ ምንም ማንበብ አቆመ። ሳቁም ቆመ። ያ "ባለቤትሽስ?" ያለኝ ልጅ ዓይኔን ማየት አቃተው። ኃላፊው ግን "ቀድመሽ እንዲህ ብትነግሪን ኖሮ..." አለ። ከነገርኳችሁማ ስንት ወሬ! ግን ከልቡ እውነት ነበረው፤ እንዲህ አድርጌ አልነገርኳቸውም ነበር። ዕቃው በነጻ ተቀየረልኝ።

ሰኔ ላይ አባባን ላመጣ ሄድኩ። ስንመለስ ሆን ብዬ ረፋድ ላይ ወጣሁ፤ በረሃውን በእኩለ ቀን ልፈትናት ብዬ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ድልድዩን አለፍን፣ ሽቅብ ጀመርን። አባባ የበሩን መያዣ ጨብጠው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። እኔም ቀስቱን አያለሁ። የለመድኩትን ጥግ አለፍን፣ ያንን ሁለተኛውንም አለፍን። ጎሐ ጽዮን ላይ ብርዱ አየር በመስኮት ሲገባ አባባ የበሩን መያዣ ለቀቁና "እንግዲህ አሁን ውሃ ግዥልኝ" አሉ። ለካስ ከደጀን ጀምሮ ጠምቷቸው ነበር!

ያንን "ሽጫት" ያለኝን ሰው አላገባሁትም። በመኪናው ብቻ አይደለም፤ ግን መኪናው አሳየኝ።

በሉ እንግዲህ ከእኔ ከተማራችሁ፣

አንደኛ፣ መኪናችሁ አንድ ጊዜ ጠፍታ ሌላ ጊዜ ደኅና ከሆነች ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ። ዛሬ ሁላችሁም ካሜራ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ ጥግ ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ ስታስነሱ መቁጠሪያዎቹን ቅረጹ።

ሁለተኛ፣ "ምንም የላትም" ስትባሉ ተመርምሮ ምን እንደተገኘ በጽሑፍ ጠይቁ። አቤቱታችሁንም በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂ ያዙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያሳውቅ ይላል። በቃል ያላችሁት ነገ የለም።

ሦስተኛ፣ መካኒኩን ብልሽቱ ወደሚታይበት ቦታ ውሰዱት፤ ቢያንስ አብሯችሁ ይንዳ። ዋስትና ካላችሁ ግን ሌላ ሰው ዕቃ እንዲፈታ አትፍቀዱ።

አራተኛ፣ ልጅ ወይም በሽተኛ ይዛችሁ በማታምኑት መኪና በረሃ አትግቡ። እኔ በዕዳዬ ኮርቼ ገባሁ፤ ያ ሾፌር ባይደርስልኝ ይህን ጽሑፍ እንዲህ እየቀለድኩ ባልጻፍኩት።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የኤሌክትሪኳን ነው። መልካም! እሷም ግን ኮምፒውተር አላት፤ ኮምፒውተሩም አንዳንዴ "ሰላም ነው" ይላል። ያን ጊዜ ደብተራችሁን አውጡ።

ቸር ይግጠመን!